ቀዩ ሞተርና አይላኩት ያልኩት ፈረስ

ቢሮአችን ግቢ ውስጥ፣ ገቢ ወጪው ሁሉ እንዲያየው ተብሎ በተሠራለት የቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ አንድ ቀይ ባለ አራት ጎማ ሞተር ቆሟል። ጠዋት ስገባ ፊቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ። ሰው ብረት ይጸየፋል ወይ ብትሉኝ፣ እኔ እጸየፋለሁ። ወደ ፊት የሾለው አፍንጫው፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈው የእሳት ሥዕል፣ ጭቃ ነክቶት የማያውቅ የሚመስለው ጎማው፣ ሁሉም ያንገሸግሸኛል። ቅዳሜና እሁድ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። በዓል ሲሆን ባንዲራ ተሰክቶበት ሰልፍ ይመራል። ሽማግሌው ዘበኛችን በሳምንት ሁለቴ በሳሙና ያጥቡታል፤ ሲያጥቡት ምን እያሉ እንደሚያጉተመትሙ ከሳቸውና ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሥራዬ ከብት መከተብና ማከም ነው። ደብረ ብርሃን ተወልጄ ያደግሁ፣ ዕጣ ሮቤ አውጥታኝ የቀረሁ ሴት ነኝ። ስመጣ ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፤ አሁን አሥራ አንደኛዬን ይዣለሁ። ኦሮምኛውን ለመድኩት፤ ገበያ ውስጥ ስከራከር ሳላውቀው የምቆጣውም በሱ ሆኗል። ብርዱ እንግዳዬ አይደለም። እስከ ዛሬ ያልለመድኩት አንድ ነገር ቢኖር ስብሰባ ነው፤ የዚያ የቀዩ ሞተር ነገርም የጀመረው ስብሰባ ላይ ነው። ግን መጀመሪያ ስለ አንዲት እናት ልናገር፤ ነገሩ ሁሉ የደረሰው በሳቸው ላይ ነውና።

ከጎባ ወደ ሳነቴ በሚወጣው መንገድ ላይ መኪና ከሚቆምበት ተገንጥሎ፣ በእግር ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ መንደር አለ። የአስታው ቁጥቋጦ አልቆ ሣሩ የሚጀምርበት ቦታ ነው። ገብስና ከብት እንጂ ሌላ ሀብት የለም። ለክትባት ስወጣ የማድረው ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ቤት ነበር። "ሃርሜ" እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደ ማለት ነው፤ እሳቸውም "ኢንተለ ኮ" ይሉኛል፣ ልጄ እንደ ማለት። ልጆቻቸው አግብተው ወደ ሃረና ጫካ ወርደዋል፤ የጫካ ቡና እየለቀሙ ይኖራሉ። ለሳቸው የቀሩላቸው ሦስት ላሞች፣ አንዲት ጊደርና አንድ ዳማ ፈረስ ነበሩ። ቅቤያቸውን ጎባ አውርደው ይሸጣሉ፤ ኑሯቸው ያ ነው።

ልጆቻቸው በየጊዜው "ነይ እኛ ጋ ኑሪ" እያሉ ይልኩባቸዋል። እሳቸው ደግሞ አይሄዱም። አንድ ቀን ላም እያለቡ ሳለ ምክንያቱን ነገሩኝ። ምራታቸው መጥፎ ሴት አይደለችም፤ ግን በሰው ቤት ወተት እንኳ ሲያምርሽ ትጠይቂያለሽ አሉኝ። "እነዚህ እስካሉ የራሴ ደጅ አለኝ" አሉና የላሟን ጎን መታ መታ አደረጉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እነዚያን አራት ከብቶች ስከትብ ሌላ ከብት እንደምከትብ አልከትብም ነበር።

ከመኪና መቆሚያው እስከ መንደሩ የሚያወጣኝ ያ ዳማ ፈረስ ነው። አጫጫናቸው የራሱ ሥርዓት ነበረው። የክትባቱን የበረዶ ሣጥን በገብስ ጭድ በታጨቀ ጆንያ ይከቱትና በአንድ ጎን ያንጠለጥሉታል፤ በሌላው ጎን እንዳያጋድል እኩል የሚመዝን የከብት ጨው ይጭናሉ፣ ጨው ከሌለ ድንጋይ። እኔ ከኋላ በእግሬ እከተላለሁ። ፈረሱ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ፍልፈል ሥሩን የቦረቦረው ሜዳ ላይ ሲደርስ ይቆምና መሬቱን በአንድ እግሩ ነካ አድርጎ ዳር ዳሩን ይዞራል፤ ማንም አላስተማረውም። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ብልቃጥ አልሰበረብኝም።

እኔ ግን አማረርኩ። ስደርስ ረፍዶ ከብቱ ለግጦሽ ተበትኖ ይጠብቀኛል፤ ወገቤም ይቆረጣል። ስለዚህ ራሴ፣ በገዛ እጄ፣ ጭነት የሚችል፣ ጭቃና ዳገት የሚወጣ ሞተር ይሰጠን የሚል ማመልከቻ ጻፍኩ። አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት አንድ ሊገዛልን ተስማማ። ሻጩ ከአዲስ አበባ ሁለት ዓይነት በጭነት መኪና ይዞልን መጣ፤ ምረጡ ተባልን፤ አምስት ሰው ያለበት ኮሚቴም ተቋቋመ። ጽሑፌ ያምራል ተብዬ ጸሐፊዋ እኔ ሆንኩ።

ሻጩ አልዋሸንም፤ ይህን ልመስክርለት። አንደኛው አመድማ አረንጓዴ ነበር፤ ሰፊ፣ ከፍ ያለ፣ ፊትና ኋላው ላይ ብረት ፖርቶመጋላ ያለው። አንዲት ማብሪያ ስትጫን አራቱም ጎማ ይገፋል፤ ሰው በእግሩ ከሚሄደው የማይበልጥ፣ ለዳገት ብቻ የተሠራ ዝግ ያለ ማርሽም አለው። ከኋላው መጎተቻ መንጠቆ ነበረው። መልኩ ግን ምን ልበላችሁ፣ የወፍጮ ቤት ዕቃ ይመስላል፤ ድምፁም ያጉረመርማል፤ ለመዞር ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፤ ቤንዚንም ይጠጣል። ቀዩ ደግሞ ዝቅ ያለ፣ ቀላል፣ የሚገፉት የኋላ ሁለት ጎማዎቹ ብቻ፣ ዕቃ ማስቀመጫ የሌለው፣ ወንበሩ ለአንድ ሰው የተሠራ ነው። አሞርዛቶሩ ረጅም የሆነው ከጉብታ ላይ እየዘለለ እንዲያርፍ ነው። ሰውዬው "ይሄኛው ለውድድርና ለጨዋታ ነው፣ ያኛው ለሥራ" አለን። ከዚህ በላይ ምን ይበለን?

ሮቤ ገበያ ሰው ፈረስ ሲገዛ ሻጩ አውራ መንገድ ላይ ያስጋልበዋል፤ ሕዝቡም ከበብ ብሎ ያያል፣ ያደንቃል። የጭነት በቅሎ ሲገዛ ግን የሚያስጋልብ የለም። ገዢው ኩንታል ይጭንባትና ቁልቁለት ያወርዳታል፤ ኮቴዋን እንዴት እንደምታስቀምጥ፣ ጭነት ሲያጋድልባት ትደነግጥ እንደሆነ አይቶ ነው የሚገዛት። ይህን የማያውቅ ሰው በባሌ የለም። ከአምስታችን አራቱ ከብት ባለበት ቤት ያደጉ ናቸው፤ እኔም ብሆን እንስሳ የማላውቅ ሰው አይደለሁም። እንግዲህ እኛው ነን ሁለቱን ሞተሮች ለክትባት ሣጥን ልንመርጥ አስፋልት ላይ አሰልፈን ያስጋለብናቸው።

ኃላፊያችን ፈረስ ከሚወድ ቤተሰብ ነው። ቀዩ ላይ ራሱ ወጣ። ወደ ጎባ በሚወስደው አስፋልት ላይ ለቀቀው፤ ዞሮ ሲመለስ ጃኬቱ እንደ ጥላ ተነፍቶ ነበር። ሱቅ ውስጥ ያሉት ወጥተው አጨበጨቡ፤ የባጃጅ ሹፌሮች ጡሩንባ ነፉ። አረንጓዴው እያጉረመረመ ዘግይቶ ሲደርስ ሰው ሳቀበት። ኮሚቴው የሚያስፈልገውን ያየ መሰለው።

ዘበኛችን ዱላቸውን ተደግፈው ከበሩ ላይ ሲያዩ ቆይተው ወደ ኃላፊው ቀረብ አሉ። በወጣትነታቸው በፈረስ ከጊኒር እህል የሚያመላልሱ ነጋዴ ነበሩ። "ይሄ ፈርዳ ነው፣ ያኛው ጋንጌ ነው" አሉ፤ አንዱ ፈረስ፣ አንዱ በቅሎ ማለታቸው ነው። "እናንተ ለሣጥን መሸከሚያ አይደል የጠየቃችሁት? ታዲያ ሣጥኑን ለምን አትጭኑበትም?"

የበረዶ ሣጥኑ ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት፣ ቢሮዬ ውስጥ ነበር። ላመጣው እችል ነበር። ኃላፊው ሳቅ ብሎ "አባቴ፣ ጊዜው የፍጥነት ነው" አላቸውና ትከሻቸውን ይዞ ወደ በሩ መለሳቸው።

ለምን ዝም አልኩ? ወደ ደብረ ብርሃን ለመዛወር የጻፍኩት ማመልከቻ የኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ወር ተቀምጦ ነበር። ያን ዕለት ጠዋት ኮሪደር ላይ አቁሞኝ ያንቺን ጉዳይ ሰሞኑን አየዋለሁ፣ ሰው ለሰው መተጋገዝ ነው አለኝ። የመጣውን ሻይ ቀምሼ ቁጭ አልኩና ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። በፍጥነቱ፣ በክብደቱ ቅለትና በውበቱ ቀዩ እንዲመረጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ውበት የሚለው ቃል በኔ እጅ ጽሑፍ፣ ለከብት ክትባት ሞተር በተገዛበት ቃለ ጉባኤ ላይ ተጽፎ አለ። ሁለተኛ ሆኜ ፈረምኩ። ከዚያ ሻጩ ጥብስ ጋበዘን። በላሁ፤ ጣፍጦኝም በላሁ። እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚቀፈኝ እሱ ነው።

አረንጓዴው ተጭኖ ሄደ። ቀዩ ሰሌዳ እስኪወጣለት፣ ርክክብ እስኪደረግለት፣ ጥላ እስኪሠራለት ሲባል የዚያ ወቅት ክትባት ተገፋ። ሞተር እያለ ለምን በፈረስ ትንገላቻለሽ ተባልኩ። አልተከራከርኩም፤ ወገቤ ያርፍልኛል ብዬ ደስም ብሎኝ ነበር።

ሃርሜ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። ኔትወርክ ለማግኘት ከመንደሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ መውጣት ስላለባቸው በከንቱ አይደውሉም። የጎረቤታቸው ሁለት በሬዎች ሳር እየጋጡ በአንድ ቀን ወድቀዋል፤ ከአፍንጫቸው ደም ወጥቷል፤ ደሙም አልረጋም። ሌላ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አባ ሰንጋ ነው። ጤነኛ ከብት ጠዋት ወጥቶ ማታ የማይገባበት በሽታ ነው፤ ሰውም ይይዛል። ከሱ የሚያድነው ክትባት ብቻ ነው፣ እሱም ቀድሞ ከደረሰ። የታመመ እንዳታርዱ፣ የሞተውን ቆዳ እንኳ እንዳትገፉ፣ በጥልቅ ጉድጓድ ቅበሩ አልኳቸው።

"ኢሺ፣ እንዳልሽው። ፈረሱን ወደ መኪና መቆሚያው ልላክልሽ?" አሉኝ።

"አይላኩት ሃርሜ። አሁን ሞተር አለን። ነገ ሳይረፍድ እደርሳለሁ።"

"አንቺ ካልሽ፣ ኢንሻአላህ" ብለው ዘጉት።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ከሮቤ ተነሳን። የሚነዳው የቢሮአችን ሾፌር ነው፤ ደህና ሰው ነው፣ ግን ያን ሞተር የተለማመደው አስፋልት ላይ ነበር። ሣጥኑ የሚቀመጥበት ቦታ ስላልነበረ ከኋላ ጭራው ላይ፣ ከአሮጌ የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ገመድ አሰርነው። እኔ በሱና በሣጥኑ መሃል ተጣበቅኩ። እስከ ጎባ ድረስ ያለውን አልክድም፤ በረርን። ነፋሱ ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ የገብሱ ማሳ በግራ በቀኝ እንደ ውሃ ፈሰሰ። ፈገግ አልኩ። ኃላፊው እውነቱን ነው እንዴ ብዬ አሰብኩ።

ከጎባ በላይ ጠጠሩ ሲጀምር ጥርሴ መንቀጭቀጭ ጀመረ። ከመንገዱ ተገንጥለን እግረኛ መንገዱ ውስጥ ስንገባ ደግሞ የሞተሩ ጠባይ ወጣ። ቀስ ሲባል ይጠፋል። ሲፈጥን ይዘላል። መሃል የሚባል ነገር አያውቅም። ሆዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥር ይገጨዋል፤ ጭቃ ሲያገኝ የፊት ጎማዎቹ ዝም ብለው ያያሉ፣ የኋላዎቹ ይሽከረከራሉ፣ በተሽከረከሩ ቁጥር ጉድጓዳቸውን ያጠልቃሉ። አምስት ጊዜ ወርጄ ገፋሁ። ከጎማው የሚፈናጠረው ጥቁር ጭቃ አፌ ውስጥ ገባ። ጭነት የያዙ ሁለት ፈረሶች አጠገባችን አልፈው ሄዱ፤ ባለቤታቸው "አካም ጂርታ" ብሎ በጨዋነት ሰላምታ ሰጠን፣ ሳቁን ግን ዳገቱን እስኪጨርስ አልያዘውም። ሾፌሩ ጥፋቱ የሱ እንዳልሆነ በየመሃሉ ይነግረኛል። እኔም እሱን አልወቀስኩም፤ ማን እንደፈረመ አውቃለሁ።

ለመንደሩ አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረን ያ የፍልፈሉ ሜዳ መጣ። ላዩ ለጥ ያለ አረንጓዴ ነው፤ ሥሩ ባዶ ነው። ፈረሱ የሚዞርበት ቦታ እዚያ ነበር። ሾፌሩ ሜዳውን ሲያይ ደስ አለው፤ አሁን የጠፋውን ጊዜ እናካክሳለን ብሎ ነዳጁን ለቀቀው። ዳሩን ዙር ብዬ ጀርባውን መታሁት። የፊት ጎማዎቹ አለፉ። የኋላው ግራ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፣ ሞተሩ ከኋላው ተነስቶ ዘለለ፣ እኔም ሣጥኑም ተወረወርን። እኔ ሳሩ ላይ ወደቅሁ። ሣጥኑ ገመዱን በጥሶ ቁልቁለቱን እየተንከባለለ ሄደና ከታች ጅረቱ ድንጋይ ላይ ተከፈተ።

በጉልበቴ ተንበርክኬ ፈለግሁ። በረዶው ከውሃው ጋር እየሄደ ነበር። ብልቃጦቹ ሁሉ ተሰባብረዋል፤ አንድ ደህና አላገኘሁም። መድኃኒቱ ድንጋዩ ላይ ፈሶ ነጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ስብርባሪውን በጓንት ለቅሜ ወደ ሣጥኑ መለስኩ፤ ለከብት እግርም ለሰው እጅም አደጋ ነውና። ቀና ስል ሾፌሩ ከላይ ሞተሩን እየዞረ ሲያይ አገኘሁት። "ቀለሙ ተላጠ፤ ኃላፊው ምን ይለኛል?" አለኝ። ጀርባዬን ሰጥቼው የሣጥኑን ክዳን ዘጋሁ። እሱን አስቤ አይደለም፤ አምስታችንን አስቤ ነው፤ ቀለም አይተን የገዛነው ነገር ቀለሙ እንዲታዘንለት ነው የቀረው።

ወደ መንደሩ በእግሬ መውጣት እችል ነበር። ሄጄ ሃርሜን ፊት ለፊት ክትባቱ ፈሰሰ ማለት እችል ነበር። ወደ ታች መውረድ ይሻላል፣ ሌላ ክትባት ቶሎ ይመጣል ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን አፈርኩ። እሳቸው ያን ቀን አራቱን ከብቶች ለግጦሽ ሳይለቁ፣ በረት ውስጥ ዘግተው፣ ድርቆሽ እየሰጡ እስከ ማታ እንደጠበቁኝ በኋላ ሰማሁ።

ሮቤ ስመለስ መጋዘናችን ውስጥ የቀረ የአባ ሰንጋ ክትባት አልነበረም። በደብዳቤ መጠየቅ ነበረበት። ደብዳቤው ቁጥር ይፈልጋል፤ ቁጥር የምትሰጠው ሴት ፈቃድ ወጥታለች፤ ፊርማው የኃላፊው ነው፤ ኃላፊው ሥልጠና ሄዷል። በየቢሮው በር እየቆምኩ ጮህኩ። ረጋ በይ ተባልኩ። ሰው ረጋ በይ ሲለኝ እንደዚያ ሳምንት አስጠልቶኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን ሃርሜ ደወሉ። አንደኛዋ ላም ወደቀች። እንዳልኩት አላረዷትም፤ ከነቆዳዋ ቀበሯት። በአምስተኛው ቀን ሌላዋ። ሲደውሉ የሚነግሩኝ ይህን ብቻ ነው፤ መቼ ትመጫለሽ ብለው አልጠየቁኝም። እንዳይጠይቁኝ እየፈለግሁ ባለመጠየቃቸው እቃጠል ነበር።

ክትባቱ በስምንተኛው ቀን ደረሰ። በቢሮው ፒክአፕ እስከ መኪና መቆሚያው ሄድኩ፤ ከዚያ ሣጥኑን ራሴ ልሸከም አስቤ ነበር። ዳማው ፈረስ እዚያ ቆሟል። ጆንያው፣ ጭዱ፣ ማመጣጠኛው ድንጋይ ሁሉ ተዘጋጅቶ፣ አንድ ጎልማሳ ጎረቤታቸው ልጓሙን ይዞ። ላክልኝ ያልኩት ሰው አልነበረም። ልክ እንደ ድሮው ሄድን፤ ፍልፈሉ ሜዳ ላይ ፈረሱ ቆመ፣ ነካ አደረገ፣ ዞረ። አንድ ብልቃጥ አልተሰበረም።

ስደርስ ሦስተኛዋ ላም ከተቀበረች ሁለት ቀኗ ነበር። በረቱ በር ላይ የተቆፈረው አፈር እርጥብ ነው። ሽታው፣ ያ ጉድጓድ ውስጥ እንኳ ሆኖ የሚወጣው ሽታ፣ ልብሴ ውስጥ ገብቶ ለወራት የሚወጣ አልመሰለኝም። ጊደሯ ብቻ ቆማለች። ዓይኗን ሳየው ገባኝ፤ ቀልቷል፤ ትንፋሿ ፈጥኗል። ክትባት የታመመውን አያድንም። ይህን እያወቅሁ ወጋኋት፤ ያለኝን መድኃኒትም ሰጠኋት፤ ሃርሜ ቀንዷን ይዘውልኝ።

ስጨርስ እጄን በሳሙና እያስታጠቡኝ ተናገሩ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

"ያን ቀን ስደውልልሽ ፈረሱ ተጭኖ አጠገቤ ቆሞ ነበር። እሺ ብትይኝ ወዲያው ልልከው። ሞተር አለን ስትይኝ ኮርቻውን አወረድኩለት።"

ይቅርታ ማለት እንኳ የስብሰባ ቃል መሰለብኝ። የመንደሩን ከብት እስኪመሽ ስከትብ ዋልኩ፤ ሃርሜ የጎረቤቱን ከብት ሁሉ ቀንድ እየያዙልኝ፣ እየሳቡልኝ አብረውኝ ዋሉ። ከዚያ ወዲያ በመንደሩ ሌላ ከብት አልሞተም ማለት ይቻላል። የሳቸው ጊደር ግን በሁለተኛው ቀን ሞተች።

ወር ሳይሞላ ለሥራ ወደ ጊኒር ተልኬ ነበር። ከብት ተራው ዳር ያን አረንጓዴ አየሁት፤ ሻጩ ወደ ብድሬ በኩል ለሚሠሩ የሙያ ባልደረቦቼ ሸጦላቸው ኖሯል። እስከ አንገቱ ጭቃ ነው። ፊተኛው ፖርቶመጋላ ላይ የበረዶ ሣጥን፣ ኋለኛው ላይ የውሃ ጀሪካንና እግሩ የታሰረ የታመመ ጥጃ። ልንዳው ብዬ ለመንኩ። ከገበያው ጀርባ ባለው ድንጋያማ ዳገት ላይ በዚያ ዝግ ባለ ማርሽ አወጣሁት፤ እየተነጫነጨ፣ እያንገራገረ፣ አራቱም ጎማ መሬቱን እየቧጠጠ ወጣ። ጥጃው ከኋላዬ ተኝቶ አልነቃም። በጎን ሲያዘነብል ያስፈራል፤ ክብደቱም ያደክማል፤ ሰውነቴ በማግስቱ ታመመ። ግን ሣጥኑን ከፍቼ አየሁት። ብልቃጦቹ እንደ ተደረደሩ ናቸው። ባለቤቶቹ እንዴት ነው አሉኝ። አስቀያሚ ነው አልኳቸው፤ ሳቁ። ወርጄ ከከብት ተራው ጀርባ ቆሜ አለቀስኩ።

ሮቤ ኮሚቴው እንደገና ተሰበሰበ፤ ክትባቱ ለምን እንደ ፈሰሰ ሪፖርት ይጻፍ ተባለ። ኃላፊው በመንገዱ አስቸጋሪነት ብለሽ ጻፊው አለኝ። ሦስቱ በስምምነት ራሳቸውን ነቀነቁ። መንገዱን አውቀን ነው እኮ ሞተር የጠየቅነው፤ መንገዱ ያን ቀን አልተፈጠረም። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ጭነት የሚችለውን ትተን የሚሮጠውን የመረጥነው እኛ ነን፤ ሣጥኑን ጭነን አልሞከርንም፤ ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፈረምኩና ወረቀቱን አዞርኩላቸው። ማንም አልፈረመበትም። እስከ ዛሬ አንድ ፊርማ ብቻ ይዞ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ቀዩ ሞተር ግን ቀለሙ ታድሶ ወደ ጥላው ተመለሰ።

የዝውውር ማመልከቻዬንም ያኑ ቀን ከኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አነሳሁት። ጀግና ሆኜ አይደለም። ወረቀቱን ባየሁ ቁጥር የዚያ ጥብስ ሽታ ስለሚመጣብኝ ነው።

ሃርሜ ገብሳቸውን አጭደው ሲጨርሱ ልጃቸው መጥቶ ወደ ሃረና ወሰዳቸው። ለመሰናበት ጎባ ድረስ ወርጄ ነበር። አንድ ጆንያ ልብስ፣ አንድ የቅቤ ቅል፣ ሌላ ዕቃ አልነበራቸውም። ፈረሱን ለምን አልሸጡትም ብዬ ጠየቅሁ። ለዚያ ጎረቤታቸው አደራ ሰጥተውታል፤ ልጄ በደወለች ጊዜ ጭነህ አድርስላት ብለውታል። ክትባት የሚያስፈልገው ከብት የላቸውም። የራሳቸው ደጅም የላቸውም።

አሁን ወቅቱ ሲደርስ በፈረሱ ነው የምወጣው። መንደሩ ስደርስ ያ በረት ባዶውን ቆሟል፤ አጥሩን ሰው ለማገዶ እየወሰደው ነው። ጉብታው ላይ ወጥቼ ኔትወርክ ስፈልግ ስልኬ ይጠራል። ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው፤ ቀኑን በምን እንደሚያውቁት አላውቅም። ከጀርባቸው የልጅ ልጆቻቸውና የምራታቸው ድምፅ ይሰማል። ጤንነቴን ይጠይቁኛል፣ ቤተሰቤን ይጠይቁኛል፣ ከዚያ ያችኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል።

"ፈረሱ መጣልሽ?"

"መጥቷል ሃርሜ" እላቸዋለሁ።

"አልሃምዱሊላህ" ይላሉ፣ ስልኩንም ለምራታቸው ይመልሳሉ።